60 ልጆች ያሉበት ክፍል ያለ አርጩሜ እንዴት ይመራል? ስለ ክፍል ኃላፊነትና ማበረታቻ

መስከረም ላይ ልጃቸውን አንደኛ ወይም ሁለተኛ ክፍል ያስገቡ ወላጆች ኅዳር ሳይገባ ሁለት ዓይነት ቅሬታ ማሰማት ይጀምራሉ። አንደኛው «ልጄ ሰሌዳ ስጠርግ፣ ደብተር ሳድል ዋልኩ ትለኛለች፤ የላክኋት ልትማር ነው ወይስ ልትላላክ?» የሚል ነው። ሁለተኛው ደግሞ «በጸጥታ ስለተሰለፈ ኮከብ ተለጠፈለት፤ መሰለፍ ግዴታው አይደለም ወይ? ነገ ያለ ኮከብ አልሰለፍም ቢልስ?» የሚል ነው። ሁለቱም ከልብ የሚጠየቁ፣ የተሟላ መልስ የሚገባቸው ጥያቄዎች ናቸው።

ዘዴው በአጭሩ ምንድን ነው?

ሁለት ነገሮች አብረው የሚሄዱበት የክፍል አመራር ነው። አንዱ ኃላፊነት ነው፦ ክፍሉ በየቀኑ የሚፈልጋቸው ትንንሽ ሥራዎች ለልጆቹ በተራ ይከፋፈላሉ። ሌላው ማበረታቻ ነው፦ ልጁ ጥሩ ነገር ሲያደርግ መምህሯ እዚያው በቃል፣ በምልክት ወይም ክፍሉ በሙሉ በሚካፈለው ደስታ ዕውቅና ትሰጣለች። ዓላማው ጥፋት እስኪፈጠር ጠብቆ መቅጣት ሳይሆን ጥሩው ነገር እንዲደጋገም ማድረግ ነው።

ብዙዎቻችን በተማርንበት ክፍል ኃላፊነት የነበረው ለአንድ ልጅ ነው፤ ለአለቃው። ሽልማትም የሚደርሰው ለሦስት ልጆች ነበር፤ አንደኛ፣ ሁለተኛና ሦስተኛ ለወጡት። 60 ልጆች ካሉ 57ቱ በወላጆች በዓል ቀን ለሌሎች አጨብጭበው ወደ ቤታቸው ይመለሳሉ። አዲሱ ዘዴ ከቀድሞው የሚለየው በዚህ ነው። ኃላፊነቱም ዕውቅናውም ለሁሉም እንዲዳረስ ታስቦ ይደራጃል። ቀሪው ሁሉ፣ ኮከቡም ሰንጠረዡም፣ ለዚህ ማስፈጸሚያ ነው።

ጥያቄው ለምን ይነሳል?

የ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 36 ሕፃናት በትምህርት ቤትም ሆነ በማሳደጊያ ተቋማት በአካላቸው ላይ ከሚፈጸም ቅጣትና ከጭካኔ አያያዝ ነፃ የመሆን መብት እንዳላቸው ይደነግጋል። ይሁንና አርጩሜው፣ ማንበርከኩ፣ ጆሮ መቆንጠጡ ከሁሉም ክፍል ወጥቷል ማለት አይቻልም። ብዙ መምህራን የሚያነሱት ጥያቄም ቀላል አይደለም፦ «ዱላውን አስቀምጪ ተባልኩ፤ በምትኩ ምን ልያዝ?» የተከለከለውን መንገር በቂ አይደለም፤ የሚተካውን ማሳየት ያስፈልጋል።

በብዙ የመንግሥት ትምህርት ቤቶች ከአንደኛ እስከ አራተኛ ክፍል አንዲት መምህርት ሁሉንም ትምህርት ለአንድ ክፍል ታስተምራለች። ከደወል እስከ ደወል ከእነዚያው ልጆች ጋር ናት። ይህ ድካሙን ያበዛዋል፤ ለዚህ ዘዴ ግን ይመቻል። ጠዋት ያስተዋለችውን መልካም ነገር ከሰዓት በኋላ ለማስታወስ ሌላ ሰው አያስፈልጋትም።

ኃላፊነቶቹ ምን ምን ናቸው?

እስቲ የአንድ ሁለተኛ ክፍልን ጠዋት እናስብ። በሩ አጠገብ ካርቶን ተሰቅሏል። በግራ በኩል ሥዕሎች በተርታ ተለጥፈዋል፤ ዳስተር፣ መስኮት፣ ደብተር፣ የውሃ ጆግ። ሥዕል የሆነው ማንበብ ገና ያልተካኑ ልጆች ስላሉ ነው። ከየሥዕሉ ጎን የልጅ ስም በልብስ መቆንጠጫ ተያይዟል። ሰኞ ጠዋት ስሞቹ ይቀየራሉ፤ ልጆቹም ቦርሳቸውን ሳያወርዱ ካርቶኑ ፊት ይሰበሰባሉ። «ቲቸር፣ እኔ መስኮት ነኝ!» ይላል አንዱ።

ሰሌዳ የሚጠርግ አለ። የዕለቱን ቀን ሰሌዳው ላይ የምትጽፍ አለች። በየረድፉ ደብተር የሚያድል፣ ከምግብ በፊት እጅ የምታስታጥብ፣ መስኮት የሚከፍትና የሚዘጋ፣ የንባብ መጻሕፍትን ቆጥራ የምትረከብ፣ ሰልፍ የሚመራ፣ ከሰልፉ መጨረሻ ሆኖ በሩን የሚዘጋ አለ። ከሁሉም የምወደው ግን «የቀሪ ጓደኛ» የሚባለውን ነው። ይህ ልጅ በዚያ ሳምንት ታሞ ወይም በሌላ ምክንያት የቀረ ተማሪ ሲኖር የተሰጠውን የቤት ሥራ ይይዝለታል፤ ሲመለስም የት እንደደረሱ ያሳየዋል። ሰባት ዓመት ያልሞላው ልጅ እንኳ ይህን ይችላል።

ቁጥሩ የሚያስፈራ ከሆነ ስሌቱን እንየው። 12 ኃላፊነቶች እያንዳንዳቸው በሁለት ልጅ ቢያዙ በሳምንት 24 ልጆች ይሠራሉ። በሦስት ሳምንት ውስጥ 60ዎቹም ይዳረሳሉ ማለት ነው። ጊዜ ያባክናል ለሚለውም መልስ አለ። መምህሯ ራሷ ስም እየጠራች 60 ደብተር ብታድልና ለእያንዳንዱ አምስት ሴኮንድ ቢወስድባት 5 ደቂቃ ይሄዳል። የ40 ደቂቃ ክፍለ ጊዜ አንድ ስምንተኛው ማለት ነው። ስድስት ልጆች የየረድፋቸውን አሥር አሥር ደብተር ቢያድሉ ከአንድ ደቂቃ በታች ያልቃል። ከሁሉ በላይ ደግሞ ክፍል የሚረበሸው አብዛኛውን ጊዜ በእንዲህ ዓይነቱ ባዶ ሰዓት ነው፤ መምህሯ ጀርባዋን ስትሰጥ፣ ልጆቹም የሚሠሩት ሲያጡ።

ሁለት ነገሮች ካልተሟሉ ግን ካርቶኑ የግድግዳ ጌጥ ሆኖ ይቀራል። ኃላፊነቱ እውነተኛ መሆን አለበት፤ ልጁ ካልሠራው ጉድለቱ ሊታይ ይገባል። መስኮቱ ካልተከፈተ ክፍሉ ይታፈናል፤ ሁሉም ያንን ያስተውላል። በተጨማሪም ሥራው እንደ ትምህርት መሰጠት አለበት። ዳስተር ወደ ጎንና ወደ ጎን ሲወዘወዝ የጠመኔው ብናኝ ፊት የተቀመጡት ልጆች ዓይን ውስጥ ይገባል። ከላይ ወደ ታች ሲሳብ ግን ወደ ሰሌዳው ግርጌ ይወርዳል። ዳስተሩም የሚራገፈው ውጭ ነው። ይህን አንድ ጊዜ አሳይቶ፣ ልጁ ሲሠራ አይቶ፣ አርሞ መልቀቅ ሁለት ደቂቃ ይበቃዋል። በመጀመሪያው ሳምንት በዚህ የተጠፋ ጊዜ ዓመቱን ሙሉ ይመለሳል።

ማን ምን ይሥራ የሚለውም ማሰብ ይጠይቃል። ወንበር ላይ መርጋት ለሚያስቸግረው ልጅ ደብተር ማደሉ እረፍቱ ነው፤ ተነስቶ የሚንቀሳቀስበት ተገቢ ምክንያት ያገኛል። ድምፅዋን ማሰማት የምታፍር ልጅ መጽሐፍ በመቁጠር ትጀምርና ቆይታ ሰልፍ ትመራለች። መጥረጊያ ለሴቶች፣ መምራት ለወንዶች የሚሆንበት ልማድ ደግሞ በተራ አሠራር ብቻ ይሰበራል፤ መቆንጠጫው ጾታ አይለይም።

ታዲያ ልጄ ተላላኪ መሆኗ አይደለም?

ክፍሉን እንደ ዕድር ያስቡት። ዕድር ውስጥ ድንኳን የሚተክል፣ ወንበር የሚያወርድ፣ ጥሩምባ የሚነፋ፣ ሒሳብ የሚይዝ አለ። ድንኳን የሚተክለውን ማንም ተላላኪ አይለውም፤ ሥራው የሁሉም ነው፣ ተራውም ይዞራል፣ እሱም በተራው ይረዳል።

ድንበሩ የሚታወቀው ከዚሁ ነው። ለክፍሉ የሚሠራ ኃላፊነት ነው፤ ለመምህሩ በግል የሚሠራ ግን አይደለም። ሻይ ማምጣት፣ ከሱቅ ካርድ መግዛት፣ የመምህሩን ቦርሳ ተሸክሞ ማድረስ እዚህ ውስጥ አይገቡም። ሽንት ቤት ማጽዳት፣ ከባድ ባልዲ መሸከም፣ ሌላ ልጅን መቅጣትም እንዲሁ። እንዲህ ያለ ነገር ሲያጋጥም ወላጅ ቢጠይቅ ትክክል ነው።

በተለይ የሚያሳስበኝ አንድ ነገር አለ። በብዙ ትምህርት ቤት ያረፈደ ልጅ ቆሻሻ እንዲለቅም፣ የረበሸ ክፍል እንዲጠርግ ይታዘዛል። ሰኞ ቅጣት የነበረ መጥረጊያ ማክሰኞ ክብር ሊሆን አይችልም። ልጆች ይህን ቶሎ ይረዳሉ። የክፍል ኃላፊነት የሚጀምር መምህር መጀመሪያ ማድረግ ያለበት ሥራን ከቅጣት ዝርዝሩ ማውጣት ነው።

ልጆች ትምህርት ቤታቸውን መንከባከባቸው ለዓለም አዲስ አይደለም። የጃፓን ተማሪዎች ክፍላቸውን ራሳቸው ያጸዳሉ፣ ምሳ በተራ ያድላሉ፤ የዕለቱ ተረኛም ክፍለ ጊዜ ሲጀመርና ሲያልቅ ክፍሉን ይመራል። ግብፅ ይህንኑ ልምድ ወስዳ እ.ኤ.አ. ከ2018 ጀምሮ የግብፅና ጃፓን ትምህርት ቤቶች ብላ ከፍታለች።

የክፍል አለቃና ስም ጻፊስ?

መምህር ሲወጣ አለቃው ሰሌዳው አጠገብ ቆሞ የረባሾችን ስም ሲጽፍ የማያስታውስ ጥቂት ነው። ስሙ የተጻፈ ልጅ ተጨማሪ ካወራ ከጎኑ ምልክት ይደረግበታል፤ መምህሩ ሲመለስ እንደ ምልክቱ ብዛት ይገረፋል። ይህም የክፍል ኃላፊነት ነው ሊባል ይችላል። ውጤቱ ግን ተቃራኒው ነው። አንድ ልጅ በ59 ልጆች ላይ ሥልጣን ይይዛል፤ ጓደኛውን ያልፋል፣ የተጣላውን ይጽፋል፤ እርሳስ ወይም ዳቦ ተሰጥቶት ስም የሚሰርዝም አይጠፋም። አለቃውም ይጎዳል፤ በእረፍት ሰዓት አብሮት የሚጫወት ያጣል።

በተራ የሚሠራ ክፍል ውስጥ አለቃ ሊኖር ይችላል፤ ይቀያየራል እንጂ። ሥራውም መምህር ሲዘገይ ለቢሮ ማሳወቅ፣ የተተወውን መልመጃ ማስጀመር፣ የታመመ ካለ አዋቂ መጥራት ነው። ስም መጻፍ ግን ከዝርዝሩ ጨርሶ ይወጣል። የጠባይ ዳኝነት የአዋቂ ሥራ ነው፤ ለልጅ አይሰጥም።

ማበረታቻ ለምን ይሠራል?

ሰው ያደረገው ነገር የሚወደውን ውጤት ካመጣለት ይደግመዋል። አሜሪካዊው የሥነ ልቦና ሊቅ ቢ. ኤፍ. ስኪነር ዕድሜውን ሙሉ ያጠናው ይህን ነው። ክፍል ውስጥ ችግር የሚፈጥረው ግን ልጅ የሚወደው ውጤት ሁልጊዜ እኛ ያሰብነው አለመሆኑ ነው። ከኋላ ወንበር ያፏጨ ልጅ ቁጣ ይደርሰዋል፤ ከቁጣው ጋር ግን 59 ፊቶች ወደ እሱ ይዞራሉ፣ መምህሯም ስሙን ትጠራለች። ቀኑን ሙሉ ማንም ላላየው ልጅ ይህ ሽልማት ነው። ነገም ያፏጫል።

እ.ኤ.አ. በ1968 ማድሰን፣ ቤከርና ቶማስ የተባሉ ተመራማሪዎች በአሜሪካ የመጀመሪያ ደረጃ ክፍሎች ይህን ፈትነው ነበር። ደንብ አውጥቶ መለጠፍ ብቻውን ያመጣው ለውጥ እዚህ ግባ የሚባል አልነበረም። ለውጥ የታየው መምህራኑ ጥቃቅኑን ጥፋት በቸልታ እያለፉ ጥሩውን ሲያዩ ማመስገን ሲጀምሩ ነው። በዓመቱ በካንሳስ ግዛት በአንድ አራተኛ ክፍል የጥሩ ጠባይ ጨዋታ ተሞከረ። ክፍሉ በሁለት ቡድን ተከፈለ፤ ያለፈቃድ ለተነሳና ለተናገረ ልጅ ቡድኑ ላይ ምልክት ይደረጋል፤ ትንሽ ምልክት ያለው ቡድን ለምሳ ቀድሞ ይሰለፋል፣ ነፃ ጊዜም ያገኛል። ሁለቱም ከተወሰነው ገደብ በታች ከሆኑ ሁለቱም ያሸንፋሉ። ረብሻው በጣም ቀነሰ። ጨዋታው ሲቋረጥ ግን ተመለሰ፤ ልማድ በአንድ ጊዜ ሥር እንደማይሰድ ያስታውሰናል። ይኸው ጨዋታ እ.ኤ.አ. ከ1985 ጀምሮ በአሜሪካ ባልቲሞር ከተማ ከአንደኛና ሁለተኛ ክፍል ልጆች ጋር ተሠራበት፤ ልጆቹም ወጣት እስኪሆኑ ክትትል ተደረገ። በተለይ ሲጀመር ጠበኛ የነበሩት ወንዶች ካደጉ በኋላ በአደንዛዥ ዕፅ የመጠመዳቸው ነገር ጨዋታውን ካልተጫወቱት አቻዎቻቸው ያነሰ ሆኖ ተገኘ።

«ጎበዝ!» ማለት ብቻ አይበቃም?

ከምንም ይሻላል። ይሁንና ልጁ ምኑ እንደተመሰገነ ካላወቀ ምን እንደሚደግም አያውቅም። «ሳሙናው ሲወድቅ አንስተሽ ለሚቀጥለው ሰጠሽው፤ አየሁሽ» የምትል መምህርት ለልጅቷም፣ ለሰሙት ሁሉም አንድ ነገር አስተማረች።

የሚመሰገነው ነገርም ልዩነት ያመጣል። እ.ኤ.አ. በ1998 ክላውዲያ ሙለርና ካሮል ድዌክ ባወጡት ጥናት የአምስተኛ ክፍል ልጆች ጥያቄ ሠርተው ገሚሱ ስለ ብልህነታቸው፣ ገሚሱ ስለ ጥረታቸው ተመሰገኑ። ከዚያ ከበድ ያለ ጥያቄ ተሰጥቷቸው ሲሳሳቱ ብልህ የተባሉት ቶሎ ተስፋ ቆረጡ፤ ጥረታቸው የተመሰገነው ግን መሞከሩን ቀጠሉ። «አንተ እኮ ጭንቅላትህ የተለየ ነው» የምንለው በፍቅር ነው፤ ሲወድቅ ግን የሚያጣው ነገር አሸክመነዋል።

ሽልማት ልጅ ያበላሻል የሚባለውስ?

እውነትነት አለው፤ መቼ እንደሚያበላሽም ይታወቃል። ከሁሉ የሚጠቀሰው ማርክ ሌፐር፣ ዴቪድ ግሪንና ሪቻርድ ኒስቤት እ.ኤ.አ. በ1973 ያወጡት ጥናት ነው። በስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ መዋዕለ ሕፃናት በማርከር መሳል የሚወዱ ሕፃናትን መረጡ። ለአንዱ ቡድን «ከሳላችሁ የምስክር ወረቀት ትሸለማላችሁ» ተባለ። ሁለተኛው ቡድን ምንም ሳይነገረው ስሎ ሲጨርስ ሽልማቱ ተሰጠው። ሦስተኛው ምንም አልተሰጠውም። ከአንድ እስከ ሁለት ሳምንት ቆይቶ ማርከሮቹ በነፃ የጨዋታ ሰዓት ጠረጴዛ ላይ ሲቀመጡ፣ ሽልማት ቃል ተገብቶለት የነበረው ቡድን የሳለው ሌሎቹ በሳሉበት ጊዜ ግማሽ ያህሉን ብቻ ነው። ሳይጠብቁ የተሸለሙት ግን አልቀነሱም።

ልጁ በገዛ ፍቅሩ የሚያደርገውን ነገር ዋጋ ስንለጥፍበት ለዋጋው የሚያደርገው ይመስለዋል። ስለዚህ ንባብ ለሚወድ ልጅ በገጽ ከረሜላ መስጠት ንባቡን ይጎዳል። በሌላ በኩል መሰለፍ፣ እጅ አውጥቶ መጠበቅ፣ ወረቀት ማንሳት ማንም ልጅ በፍቅር የሚጀምራቸው ነገሮች አይደሉም። ማበረታቻ ቦታው እዚህ ነው፤ እዚህም ቢሆን ለመነሻ ያህል ነው። መጀመሪያ በየጊዜው ይሰጣል፣ ቆይቶ አልፎ አልፎ፣ ከዚያም በሳምንት አንዴ ይሆናል፤ በመጨረሻ ቃሉ ብቻ ይቀራል። «ያለ ኮከብ አልሰለፍም» የሚል ልጅ ካለ ኮከቡ መቀነስ ባለበት ጊዜ አልቀነሰም ማለት ነው።

ከመደለያ የሚለየውም ልብ ይባል። ልጁ መሬት ላይ ተንከባሎ ሲያለቅስ «ዝም ካልክ ከረሜላ እሰጥሃለሁ» ማለት መደለያ ነው፤ የተሸለመው ልቅሶው ነው። ማበረታቻ ግን ጥሩው ነገር ከተደረገ በኋላ ይመጣል።

ገንዘብ ከሌለስ?

ጥሩ የሚባሉት ማበረታቻዎች አብዛኞቹ ወጪ የላቸውም። አንድ የሃይላንድ ጠርሙስና አንድ እፍኝ ሽምብራ ይበቃሉ። ክፍሉ በጸጥታ ሲሰለፍ፣ አንዱ ሌላውን ሲረዳ፣ ከእረፍት በሰዓቱ ሲመለሱ መምህሯ አንድ ፍሬ ትጨምራለች። ልጆቹ ፍሬዋ ጠርሙሱ ውስጥ ስትወድቅ የምታሰማውን ድምፅ ያዳምጣሉ። መጀመሪያ ላይ ጠርሙሱ ግማሽ ድረስ ብቻ ቢሞላ ይበቃል፤ በሳምንት ውስጥ ካልሞላ ትንንሽ ልጆች ይሰለቻሉ። ሲሞላ ክፍሉ በሙሉ ውጭ ወጥቶ ተረት ይሰማል፣ ወይም ተጨማሪ 15 ደቂቃ ይጫወታል።

የገባ ሽምብራ አይወጣም። ይህ ደንብ ጥብቅ መሆን አለበት። በአንድ ልጅ ጥፋት ሽምብራ ከተቀነሰ ያ ልጅ በእረፍት ሰዓት የ59 ልጆች ጠላት ይሆናል። በተመሳሳይ ምክንያት የልጆችን ስም በቀይ፣ በቢጫና በአረንጓዴ ከፍሎ ግድግዳ ላይ መስቀል አይመከርም፤ ቀይ ላይ የሚውለው ብዙ ጊዜ ያው አንዱ ልጅ ነው፣ ጎብኚ ሁሉም ያነበዋል።

በግል ለሚገባ ማበረታቻ ደግሞ ለአንድ ቀን መቀመጫ መምረጥ፣ ለክፍሉ የሚነበበውን ተረት መምረጥ፣ ወይም ለቤት የሚላክ አጭር ማስታወሻ አለ። «ዛሬ ሒሳብ ላይ ሦስት ጊዜ ተሳስታ አራተኛውን ራሷ አገኘችው» የሚል ብጣሽ ወረቀት በብዙ ቤት ተጠብቆ ይቀመጣል። ከትምህርት ቤት የሚመጣ ወረቀት የክስ ብቻ መሆኑን ለለመደ ወላጅ ትልቅ ነገር ነው።

የማይሠራበት ጊዜ አለ?

አለ። ሰሌዳውን ማየት የማይችል፣ በደንብ የማይሰማ፣ ቁርስ ሳይበላ የመጣ ልጅ በሽምብራ አይረጋም። ማበረታቻው ካልያዘ መምህሯ መጀመሪያ መጠየቅ ያለባት ልጁ ምን እንደጎደለው ነው። ከሌላው ልጅ ጋር የሚደባደብ ወይም ራሱን የሚጎዳ ካለም በቸልታ አይታለፍም፤ ከወላጅና ከርዕሰ መምህር ጋር ይታያል።

ሌላው መሰናክል መቆራረጥ ነው። ለሁለት ሳምንት ተሠርቶበት የተረሳ ካርቶን ሁለተኛ ሲነሳ ልጆቹ አያምኑትም። ስለዚህ በ12 ኃላፊነት ከመጀመር በሦስት ጀምሮ በየሁለት ሳምንቱ አንድ መጨመር ይሻላል።

ወላጅ ምን ያድርግ?

ልጁ ወይም ልጅቷ በዚህ ሳምንት ተራቸው ምን እንደሆነ፣ ሥራውም እንዴት እንደሚሠራ ይጠይቋቸው፤ ያሳዩዎትም። ቤትም ውስጥ አንድ የራሳቸው ሥራ ይስጧቸው፤ ጫማ ማስተካከል ወይም ማዕድ ላይ ውሃ ማቅረብ ለስድስት ዓመት ልጅ አይከብድም። ለዚህ ግን ሳንቲም አይክፈሉ፤ አይቻለሁ፣ አመሰግናለሁ ይበሉ። ወር አልፎ ተራ ያልደረሰው ልጅ ካለ መምህሩን በግል አግኝተው የተራውን ዝርዝር እንዲያሳዩዎት ይጠይቁ። በትልቅ ክፍል ውስጥ ዝም ያለ ልጅ ሳይታሰብ ሊታለፍ ይችላል፤ ብዙ መምህራንም ሲነገራቸው በሚቀጥለው ሰኞ ያስተካክሉታል።